የአማቴ መድኃኒት ስም

ይህን ገጠመኜን ሳወራ ባለቤቴ ለሊሴ አጠገቤ ካለች ግማሹን የምትናገረው እሷ ናት። ግማሹ ሲሆን እኔ በቦታው ነበርኩ ለማለት ይከብዳል፤ አካሌ ነበር እንጂ እኔስ ሌላ ዓለም ነበርኩ። ዛሬ ከቤት ስለወጣች አጋጣሚውን ተጠቅሜ እንደ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን ልናገረው።

ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። ወሰን አካባቢ ከጋራዦች መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የደከመ ሶፋ ይመጣልኛል፤ አሮጌውን ጨርቅ ገፍፌ፣ ስፖንጁን ቀይሬ፣ አዲስ ልብስ አልብሼ እሸኘዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ላለበት ሰው ከዚህ የከፋ ሙያ መምረጥ ይቻል እንደሆነ አላውቅም። አሮጌ ሶፋ ሲገፈፍ ከሆዱ የሚወጣው አቧራ የባለቤቶቹን የትዳር ዘመን ሁሉ የያዘ ነው። ስለዚህ ማስክ ከፊቴ፣ ፓፍ ከኪሴ አይጠፉም። ፓፍ የምለው አስም ያለባችሁ ሁሉ የምታውቋትን፣ አፍ ላይ ገጥመው ተጭነው ወደ ውስጥ የሚስቧትን ትንሽ መድኃኒት ነው።

ነገሩ የሆነው ለሊሴን ባገባሁ ሰሞን ነው። ቤተሰቦቿ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ድሮ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከተማው ቀስ እያለ ወጥቶ ደረሰባቸውና ዛሬ ከልጆቹ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ነጋዴ፣ ለሊሴ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ሆናለች። እናቷን አዴ ብሪቱ እላቸዋለሁ፤ አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። እሳቸው ደግሞ ያንን ሁሉ ዕድሜ ይዘው እኔን አንቱ ይሉኛል። አማች ነኛ! በዚያ ቤት አማች ማለት የሚከበር፣ የሚጋበዝ፣ የቀረበለትን ሁሉ ደግሞ ያለ ማንገራገር የሚጨርስ ፍጡር ነው። እኔ ክብሩን ወድጄው ነበር። መጨረሱ ነበር የሚከብደኝ።

አዴ ብሪቱ በአካባቢው የታወቁ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በራቸው ላይ ሰው አይታጣም፤ ከእነሱ መሃል ከሲ.ኤም.ሲ ቪላዎች ድረስ በመኪና የሚመጡም ነበሩ። የሚፈልጉት የደረት መድኃኒታቸውን ነው። ደረቱ ለሚያፍነውና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሁሉ ይሰጣሉ፤ ከማንም ምንም አይቀበሉም። የመድኃኒቱ ሕግ ጥብቅ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ይቆረጣል፤ የሚቆርጠው ሰው ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከሁሉም በላይ ስሙ አይጠራም። ስሙ ከአፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሰጡት ውኃ ነው። እናታቸው ሊሞቱ ሲሉ በጆሯቸው ነግረዋቸዋል፤ እሳቸውም በተራቸው ለለሊሴ ሊነግሯት ያስባሉ። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ «ያ ነገር» ከመባል በስተቀር መጠሪያ የለውም።

አንድ ቀን እነሱ ቤት ሄደን ጓሮ እንጨት ሲነድ ጭሱ ያዘኝና ጥሩ አድርጌ ሳልኩ። ፓፌን አውጥቼ ሳብኩና ተረጋጋሁ፤ ለኔ የዘወትር ነገር ነው። አዴ ብሪቱ ግን ከሩቅ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር። በዚያው ሳምንት በለሊሴ በኩል መልእክት ደረሰኝ፤ እሑድ ጠዋት ሳልበላ እንድመጣ።

ለሊሴ ካልፈለግኩ እምቢ ማለት እንደምችል ነገረችኝ። እንግዲያው አንቺ እምቢ በይልኝ አልኳት። እሷ ልጃቸው ስለሆነች እንደሚቆጧት፣ እኔን ግን ስለሚያከብሩኝ እንደማይቆጡኝ አስረዳችኝ። የማይቆጡኝ ስለሚያከብሩኝ ከሆነ ደግሞ ማክበራቸውን እንዲያቆሙ አልፈልግም ነበር። በዚህ ዓይነት ክርክር እሑድ ደረሰና ሶፋ በማደርስባት አሮጌ ፒክአፕ ተሳፍረን ዳገቱን ወጣን።

አዴ ብሪቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው ላይ የሆነ ደስታ ነበር፤ ትልቅ ድግስ የደገሱ ይመስላሉ። ገና ከመቀመጤ ወደ ኪሴ አመለከቱ።

«ያቺን የሚስቧትን ነገር ለዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ያኑሯት» አሉኝ። «ሁለት መድኃኒት አንድ ሰው ላይ አይገናኝም። አንዱ ሌላውን ይገፋዋል።»

ወደ ለሊሴ አየሁ፤ ለሊሴ ወደ ግድግዳው አየች። ፓፌን አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖርኩ። ከዚያ ክዳን ያለው ኩባያ መጣ። ውስጡ ጠቆር ያለ ነገር ነበር፤ በማር ተለውሶም እንኳ ምሬቱ ጆሮ ድረስ ይሰማል። በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። አዴ ብሪቱ ባዶውን ኩባያ አይተው ፊታቸው በራ፤ ከማሰሮው ደግመው ሞሉት። አንድ ይበቃኛል ማለት ነበረብኝ። ግን አማቴ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ኩባያ ሲዘረጉልኝ እጄን የሚሰበስብ አንጀት ከየት ላምጣ? ሁለተኛውንም ጠጣሁ።

ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ ሠራ። ይህን የምናገረው አማቴን ለማስደሰት አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ደረቴ ተከፈተ። ለዓመታት ሱቁ ውስጥ በግማሽ ሳንባ ስተነፍስ የኖርኩ ሰው አየር እስከ ታች ሲወርድልኝ ተሰማኝ። አዴ ብሪቱን አመሰገንኩ፤ ለለሊሴም ፓፍ መግዛት ሊቀርልኝ እንደሚችል በሹክሹክታ ነገርኳት።

ከዚያ ጨጨብሳ ቀረበ። በቂቤ ርሶ፣ ማር ወርዶበት፣ ሽታው ብቻውን የሚያጠግብ። አንድ ጉርሻ አፌ አስገባሁና ማኘክ ጀመርኩ። አኘክሁ፣ አኘክሁ፤ የሚወርድ ነገር የለም። አፌ ውስጥ ጠብታ ምራቅ አልነበረም። በሥራዬ ብዙ ስፖንጅ ነክቻለሁ፤ አንዱን ቆርጬ ጎርሼ አላውቅም ነበር እንጂ ስሜቱ ይኸው ነው። ውኃ ጠጣሁ፤ ውኃው ጨጨብሳውን ትቶ ብቻውን ወረደ። አማቴ እያዩኝ ስለሆነ ፈገግ እያልኩ ሁለተኛ ጎረስኩ። ልቤ ደግሞ ዳገት እንደሮጠ ሰው ይመታ ጀመር። ደስታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እንደ ልማዳችን ከዚያ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣን። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። መንገዱ አልፎ አልፎ ይደበዝዝብኝ ነበር። ከመኪናው ስንወርድ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ለሊሴ ዓይኔን ስታይ ብሌኑ ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። የፓርኩን ምልክት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ፊደሎቹ ሲሸሹ ታየኝ። እስከዚህ ያለውን ራሴ አስታውሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የወሰድኩት ከለሊሴ አፍ ነው። እሷ ማጋነን እንደምትወድ እያሰባችሁ አንብቡ። እንደሷ አባባል፣ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ግንዱን በስንዝር መለካት ጀመርኩ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ይህ ሶፋ ወገቡ ሰፊ ስለሆነ ጨርቁ አይበቃም አልኳት። ከዚያ ዞር ብዬ ከማይታይ ደንበኛ ጋር ስለ ቀለም ተከራከርኩ፤ ቡናማው ቆሻሻ ይደብቃል፣ ነጩን ከወሰዱ ግን ልጆች ያሉበት ቤት ነውና ኋላ እንዳይወቅሱኝ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ለጉብኝት የመጡ ሰዎች ቆመው ያዳምጡኝ ነበር። አንዲት ሴት እንዲያውም የሱቄን አድራሻ ጠየቀች ትላለች ለሊሴ። ይህቺን እንኳ አላምናትም።

ሳቋ ያቆመው እጄን ስትይዘው ነው። ቆዳዬ ደርቆ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ፊቴ ቀልቷል። ከአየር ላይ የማይታይ ክር እየመዘዝኩ ጣቴ ላይ እጠቀልላለሁ። ስሟን ስትጠይቀኝ አላወቅኩትም። ያን ጊዜ ፈራች።

ለሊሴ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው እኔን በነገር ለማሸነፍ ነበር፤ ፒክአፗን ነክታት አታውቅም። በዚያን ቀን ግን ያንን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠች፣ በአንድ እጇ እኔን ከበሩ እየጎተተች ወረደች። በሩን ከፍቼ ለመውረድ እታገል ነበር አሉ፤ ደንበኛው ቀብድ ሳይሰጠኝ እንዳይሄድ።

መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል አስገባችኝ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። መጀመሪያ አፌን አሸተተች። ምን እንደጠጣሁ ስትጠይቅ ለሊሴ የእናቷን የደረት መድኃኒት ነገረቻት። ሐኪሟ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀች። ለሊሴ አላወቀችም። ሐኪሟ አላመነቻትም፤ እናትሽ አይደሉም እንዴ አለቻት። ሰው በገዛ እናቱ ማሰሮ ውስጥ ያለውን ነገር መጠየቅ የማይችልበትን ምክንያት ለሐኪም በጥድፊያ ማስረዳት ከባድ ነው። ለሊሴ ማልቀስ ጀመረች።

ስልክ ተደወለ። አዴ ብሪቱ መጀመሪያ የጠየቁት እየተነፈስኩ እንደሆነ ነው። ስሙን ግን በስልክ አይናገሩም፤ እመጣለሁ ብለው ዘጉ። እስኪመጡ ድረስ ክንዴን ይዘው ውኃ በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ በእርጥብ ጨርቅ ሰውነቴን አቀዘቀዙ፤ ልቤን በማሽን ይከታተሉ ነበር። ልቤ እየፈጠነ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ የአንሶላውን ስፌት እተች ነበር ትላለች ለሊሴ፤ ይህኛውን አምናታለሁ።

አዴ ብሪቱ በጎረቤት ታክሲ ደረሱ። የቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት፤ ፓፌን በመዳፋቸው ጨብጠዋል። አልጋው አጠገብ ቆመው አዩኝ። እኔም አየኋቸውና ለሳሎንዎ የትኛው ጨርቅ ይሻላል አልኳቸው።

ሐኪሟ ወደ ጎን ወሰደቻቸው። ለሊሴ ተከትላ ነበርና የተባባሉትን ሁሉ ሰምታለች።

«እናቴ፣ ምንድን ነው የሰጡት?»

«ይህ የሚነገር አይደለም፣ ልጄ። እናቴ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። ስሙን ከጠራሁት ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም።»

«ይገባኛል። ግን አንዱ ቅጠል ልብን ያፈጥናል፣ አንዱ ጉበትን ይነካል፣ አንዱ ደግሞ ያስለፈልፋል። ለሁሉም የማደርገው የተለያየ ነው። የማላውቀው ነገር ላይ ሌላ መድኃኒት ብጨምርበት እኔው ልጎዳው እችላለሁ።»

አዴ ብሪቱ አንገታቸውን አዙረው ወደ አልጋው አዩ። ከዚያ በቀጥታ ጠየቁ።

«ካልተናገርኩ ይሞታሉ?»

«ይሞታል አልልዎትም። እርግጠኛ ሳልሆን አልናገርም። ግን በጭፍን ነው የማክመው።»

ለሊሴ እንደምትለው እናቷ ያን ጊዜ ወደሷ ዞረው አዩዋት። ያ መድኃኒት አንድ ቀን ለሷ ሊሰጥ የተቀመጠ ነበር፤ ከሳቸው እናት በፊትም ከእናታቸው እናት የመጣ ነው። ልትወጣ ፈልጋ ወደ በሩ አመራች፤ በጆሮዋ ሳትሰማው ብትቀር ለእናቷ የሆነ ነገር የሚተርፍላቸው መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ቁሚ አሏት። ከዚያም ነርሷም፣ ለሊሴም፣ አጠገብ ያለው በሽተኛም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«አስተናግር ነው። ቅጠሉንም ፍሬውንም። እናቴ ስትሰጥ በጭስ ነበር፣ ቆንጥራ ፍም ላይ ጣል አድርጋ። እሳቸውን ጭስ ሲያስላቸው አይቼ አሳዘኑኝና ቀቅዬ በማር አጠጣኋቸው። በጭስ የሚሰጠውን ያበሰልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላዘዘችኝም።»

ነርሷ ይሄ ከእኛ አጥር ሥር የሚበቅለው አይደለም ወይ አለች። ነው። ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ ያለው፣ ቆሻሻ መድፊያና መንገድ ዳር የሚበቅለው አረም። አንዳንዶች ዕፀ ፋርስ ይሉታል። እኔም በወሰን ከሱቄ ጀርባ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ያን ሁሉ ምሥጢር ሳስብ ከእንጦጦ ጫካ መሃል የሚገኝ አንዳች ብርቅ ቅጠል ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ግን ስሙን እንደሰማች ፊቷ ተለወጠ። ካወቀች በኋላ ጊዜ አላጠፋችም፤ የሚያረጋጋኝን መረጠች፣ የማይሆነኝን ደግሞ እንዳይሰጠኝ አዘዘች። ቀኑን ሙሉ ተከታተሉኝ። ማታውን ልቤ እየሰከነ ሄደ፤ እኔም ከደንበኞቼ ጋር ተስማምቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ ስነቃ ለሊሴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችኝ፤ ብዥ ብላ ነው እንጂ ለሊሴ መሆኗን አውቄያለሁ። ስሟን ጠራሁት። አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ባሕር ዛፉ ነግራኝ እስኪያማት ሳቀች።

ከሆስፒታሉ ከመውጣቴ በፊት ሐኪሟን ደረቴን ግን እውነት ከፍቶልኝ እንደነበር ነገርኳት። እንደምታሾፍብኝ ጠብቄ ነበር፤ አላሾፈችም። አስተናግር የአየር ቧንቧን የሚከፍት ነገር በውስጡ እንዳለው፣ ችግሩም ይኸው እንደሆነ ገለጸችልኝ። ደረት የሚከፍተው ያው ነገር ልብ ያስሮጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ አእምሮ ያስታል። አንዱ ተክል ከሌላው፣ ፍሬው ከቅጠሉ ይበረታል፤ በማሰሮ የሚለካ አይደለም፤ ሰው የሚሞትበትም አለ። ጭሱም ቢሆን ጭስ ነው፣ የአስም ደረት አይወደውም አለችኝ። ፓፌን ማስቀመጤን ስነግራት ነው የተቆጣችው። መድኃኒቱ ሲያልቅ አስሙ በርትቶ ቢነሳብህ በምን ትተነፍስ ነበር አለችኝ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ሲበርደኝ ዝንጅብልና ማር አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ጉሮሮዬን ደስ ይለዋል፣ አስሜን ግን ያድናል ብዬ አልተማመንበትም። የምላችሁ ይኼ ነው። ደረታችሁን የሚያክም ባለሙያ ሳያዝዛችሁ ፓፋችሁን ለማንም ቅጠል ብላችሁ አታስቀምጡ። ስሙ የማይነገራችሁን ነገር አትጠጡ፤ የሰጣችሁ ሰው ምን ያህል ቢወዳችሁም። አማቴ በፍቅር ነው የሰጡኝ፤ ፍቅራቸው ነበር ያበዛው። ከጠጣችሁ ደግሞ ሐፍረትን ትታችሁ ለሐኪም ተናገሩ። ይሉኝታ አንድ ኩባያ ያስጠጣል፤ ይባስ ብሎ ሁለተኛውን ያስደግማል። ሆስፒታል አልጋ ላይ ግን አይረዳም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ወደ አዴ ብሪቱ በር የሚመጡት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ረክሷል ይሏቸዋል፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። አንዳንዶቹ ይለምኗቸዋል፣ አንዳንዶቹ ይቆጣሉ። እሳቸው ሆስፒታል ሄዳችሁ ታዩ ብለው በሩን ይዘጋሉ። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ ፓፍ የማያነሳው።

አንድ ቀን ለሊሴ ሥራ እያለች ብቻዬን ሄድኩ። አማትና አማች ብቻቸውን ተቀምጠው ማውራት ያልተለመደ ስለሆነ ሁለታችንም አፍረን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ እሳቸው በላይኛው፣ እኔ በታችኛው። ከታች ከተማው ይታያል። ብዙ ካመነታሁ በኋላ፣ በእኔ ምክንያት የእናትዎ አደራ ተበላሸ፣ ለለሊሴ የሚያወርሱት ነገር አልቀረም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ከተማው እያዩ ተናገሩ።

«እናቴ ያንን ነገር በጆሮዬ ስትነግረኝ፣ ለሰው ይሁንልሽ ብላ ነው የመረቀችኝ። ሌላ አላለችም። እርስዎን ታመው አልጋ ላይ አየሁና ሁለቱን አመዛዘንኩ። ሳልጠራው ብቀር ኖሮ መድኃኒቱ ይኖር ነበር፤ ምርቃቱ ግን ይረክስ ነበር።»